ክፉኛ ማለት ሀርድሊ አይደለም

በሕይወቴ አንድ ሰው ተበቅያለሁ፤ የተበቀልሁትም በአንዲት ተውሳከ ግሥ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው በጥንቃቄ እንዲያነበው እለምናለሁ፤ እኔም በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ ገፍቷል። ትዝታዬ ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትን ከተመኘሁት ጋር እየቀላቀለ ማቅረብ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ እርግጠኛ የሆንሁበትን እርግጠኛ ነኝ እላለሁ፤ ያልሆንሁበትንም አልሸሽገውም። የሰውየውን ስም ግን አልጠራም። በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ «እሱ» እለዋለሁ። አንቱታውን የነፈግሁት ረስቼ አይደለም።

«ተውሳክ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእንግሊዝኛ ሰዋስው አይደለም። አባቴ በቦረና ቆላ አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ደብር ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ለማውጣት የዕለታቱን ተውሳክ መደመር ግድ ነው፤ የቅዳሜ ስምንት፣ የእሑድ ሰባት፣ የሰኞ ስድስት እያለ ይወርዳል። «ተውሳክ ትንሽ ጭማሪ ናት፤» ይሉኝ ነበር፤ «እሷን የሳተ ግን የሀገሩን ሰው ሁሉ ያለ ቀኑ ያስጾማል።» ኋላ አስኳላ ገብቼ፣ በግሥ ላይ የምትደረበው ቃል ተውሳከ ግሥ እንደምትባል ስማር ስሟ አላስገረመኝም። ምን ልታደርግ እንደምትችል የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

እኔ የአባቴን ሙያ አልወረስሁም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መምህር ሆንሁ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ድርሰት አስተማርሁ። ስለ ተውሳከ ግሥ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ጥቂት ነበር። ግሡ ብቻውን የሚችለውን ሥራ ደጋፊ አትፈልጉለት። «አለቀሰ» ካላችሁ «በኀዘን» ማለት ትርፍ ነው፤ አንባቢው ኀዘኑን ከግሡ ውስጥ አግኝቶታል። በደስታ ያለቀሰ እንደሆነ ግን በሉ፤ ያንን ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለምና። ተውሳክ ቦታዋን የምታገኘው ያለ እሷ አንባቢው የሚሳሳት ሲሆን ነው። መጨረሻ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጅራቷን አይታችሁ ግን አትመኗት» እል ነበር። የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ አብዛኛውን ጊዜ «ኤል» እና «ዋይ» የሚባሉ ሁለት ፊደሎች ከኋላዋ ስለሚንጠለጠሉ ተማሪዎቼ ነገሩን ለቀልድ ይወስዱትና ይስቁ ነበር። እኔም እንዲስቁ እተዋቸው ነበር።

ረሃቡ በገባበት ዓመት መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ጀማሪ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ብልጭ ብሎ ጠፋ። በገበያው ቀን መጀመሪያ ከእህል ሻጭ ይልቅ በሬ ሻጭ በዛ፤ ቀጥሎ በሬ ሻጩም ጠፋና ሰዎች የቤታቸውን ምሰሶና ወራጅ ነቅለው ለማገዶ ያቀርቡ ጀመር። ቤቱን አፍርሶ የሚሸጥ ሰው ተመልሶ አይገባበትም። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሆኖም በመሥሪያ ቤቶች አካባቢ «ረሃብ» የሚለው ቃል አይወደድም ነበርና «የዝናብ ማነስ» እንል ነበር። የእኛም ዳይሬክተር በየጠዋቱ ተማሪዎችን አሰልፎ ጥፍራቸውን ይመረምር ነበር፤ ሰልፉ በየሳምንቱ ማጠሩን ያየ አይመስልም።

የተበቀልሁት ያ ሰው ይህ ዳይሬክተር ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ማወቁንም የሚያውቅ ሰው ነበር። የትምህርት ቤቱን የእንግሊዝኛ ታይፕ ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም፤ የምንጽፈውን ሁሉ ረቂቁን እሱ አይቶ፣ አርሞ፣ ራሱ ነበር የሚመታው።

አንድ ቀን ከአባቴ ደብር ሦስት ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። አባቴ ከሞቱ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸው ነበር፤ በደብሩ የቀረችኝ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ብቻ ነበረች። እቴቴ ነበር የምላት። ከመጡት ሰዎች አንዱ የንስሐ አባታችን ነበሩ። ደሴ ላይ የርዳታ እህል የያዙ ፈረንጆች መኖራቸውን፣ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንደሚፈልጉ ሰምተዋል። በከተማው እንግሊዝኛና ማኅተም አብረው የሚገኙት ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ የንስሐ አባታችን፤ «አንተ አፋቸውን ታውቃለህ። ነገሩን በአፋቸው ንገርልን።»

«እቴቴስ ምን አለች?»

«‹አብሽር በሉት› ብላለች።»

«ደኅና ናት ማለት ነው?»

ወደ መሬት አዩ። «አብሽር የምትለው ተቀምጣ ነው። መቆሙን ትታዋለች።»

ረቂቁን በዚያው ቀን ጻፍሁ። ረጅም አልነበረም። ደብሩ የት እንዳለ፣ ስንት ቤት እንዳለበት፣ መንገዱ መኪና እስከየት እንደሚያስገባ፣ ከዚያ ወዲያ በቅሎ እንደሚያስፈልግ አስፍሬ ነበር። መክፈቻው ግን ደብሩ በረሃብ ክፉኛ ተመታ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። በትዝታዬ ውስጥ ያ ዓረፍተ ነገር «ሂት ሀርድ» ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛ የማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ይታገሠኝ። «ሀርድ» ከባድ ማለት ነው፤ ቅርጹን ሳይለውጥ ተውሳከ ግሥም ይሆናል፤ ስለዚህ «ሂት ሀርድ» ሲባል «ክፉኛ ተመታ» ነው። ጅራቷ ሲንጠለጠልበትና «ሀርድሊ» ሲሆን ግን ዞሮ ሌላ ቃል ይሆናል፤ «እምብዛም»፣ «ያን ያህልም» እንደ ማለት ነው። «ሀርድሊ ሂት» ማለት «እምብዛም አልተመታም» ማለት ነው። ከክፉ ክፉኛን፣ ከግም ግምኛን ማውጣት የለመደ የእኛ ሀገር ሰው ከሀርድ ሀርድሊን ቢያወጣ በአእምሮው ሕግ ጠብቋል፤ የጣሰው ሕግ እንዳለ የሚነግረው የለም።

ቀጥሎ የምጽፈውን እንደማስታውሰው እጽፈዋለሁ። ዳይሬክተሩ ረቂቁን ተቀበለኝ፤ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበና ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ።

«መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ክፉኛ ተመቱ ለማለት ነው ጌታዬ።»

«ክፉኛ! ከክፉ ክፉኛ እናወጣለን። ትክክል?»

«ትክክል ነው።»

«በእንግሊዝኛ የ‹ኛ›ን ሥራ የምትሠራው ማን ናት?»

«ኤል ዋይ።»

«ታዲያ ኤል ዋይ የታለች? ጅራቷ የተቆረጠ በቅሎ ለፈረንጅ ልትሸጥልኝ ነው?»

በክፍሉ የነበሩት መምህራን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ዳይሬክተሩ ሰዎቹን ከውጭ አስቀምጦ ደብዳቤውን መታው፤ ማኅተሙን አሳረፈበት፤ አሽጎ ለንስሐ አባታችን ሰጣቸው። እኔ የተመታውን ወረቀት አላየሁትም። ረቂቁም እሱ ጋ ቀረ።

መልሱ ከሳምንታት በኋላ ከደሴ በመጣ የጭነት መኪና ደረሰ። ዳይሬክተሩ መምህራንን ሰብስቦ ቆሞ አነበበው፤ እያነበበም ይተረጉምልን ነበር፤ ደብዳቤ ከፈረንጅ ሲመጣ ልማዱ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስሙ እንግዲህ! ‹ደብራችሁ ሀርድሊ መመታቱን በማወቃችን ደስ ብሎናል› ይላሉ። ክፉኛ በመመታታችሁ ደስ ብሎናል! ይህ ከክርስቲያን አፍ ይወጣል?»

«ፈረንጅ ሲያዝን እንደዚያ ይል ይሆናል ጌታዬ፤» አለ የታሪክ መምህሩ።

«አንተ ዝም በል። አረመኔዎች ናቸው!» አለና ቀጠለ። «‹ስለሆነም ለእናንተ አስበነው የነበረውን እህል ይበልጥ ወደ ተጎዱት፣ ወደ አጅባር በኩል አዙረነዋል።›»

የአጅባር ሰውም ተርቦ ነበርና ለደረሰው እህል አልተመቀኘሁም፤ ዛሬም አልመቀኝም። ያቺ «ሀርድሊ» የምትባል ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቆማ ቀረች። ሽፋኑ የወለቀውን የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት አውጥቼ ፈለግኋት። አገኘኋት። ፍቺዋን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ፈረንጆቹ የተጻፈላቸውን ነው የመለሱት፤ አንድ መስመር እንኳ አላጠፉም።

እንደገና ጽፌ ወደ ዳይሬክተሩ ሮጥሁ። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ አሳየሁት። አንብቦ ሲያበቃ ወደ በሩ ሄደና ዘጋው።

«ይህን ለማን አሳየህ?»

«ለማንም አላሳየሁም ጌታዬ። አዲሱን ይምቱልኝና ነገ በሚሄደው መኪና እንላከው።»

«ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አይታረምም። ነገ የአውራጃው ሰዎች ዳይሬክተሩ ቋንቋ አያውቅም ይበሉ?»

«ሰው እየሞተ ነው ጌታዬ። እህቴ እዚያ ናት።»

«ሰው የሚሞተው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤» አለኝ፤ «በሰዋስው አይደለም።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚያ ዓመት የማስታውሰው ሁሉ ቢጠፋ ይህ አይጠፋም። በቀሌ የተወለደው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላውን ሁሉ ስጠራጠር ተመልሼ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ማረሚያውን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ያለ ማኅተም ላክሁት። መልስ አልመጣም፤ መድረሱንም አላውቅም።

በቅዳሜው ወደ ደብሩ ወረድሁ። እቴቴ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ ጉድጓዷ ጥልቀት አልነበረውም፤ ድንጋይ ለቅሜ ደረብሁበት። የንስሐ አባታችን ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«እስከ መጨረሻው ትጠይቀን ነበር፤» አሉኝ። «‹ወንድሜ ጽፏል፤ ፈረንጅ አንብቦ ዝም አይልም› ትል ነበር። ደብዳቤው ምን ሆነ ልጄ?»

«አልደረሰም አባቴ፤» አልኋቸው።

ምን ልበላቸው? በሁለት ፊደል ነው ልበላቸው? ፊደል የቆጠሩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚያ ነው ያልነገርኋቸው። ዳገቱን ስወጣ እየቆምሁ ወደ ኋላ እያየሁ ማልሁ። የማልሁት ይቅር ላልለው ነው፤ ምን እንደማደርገው ግን ገና አላውቅም ነበር።

ንጉሡ ወረዱ። አብዮቱ እኛ ጋም ደረሰ፤ ረሃቡን ማን ደበቀው የሚል ጥያቄም አብሮት መጣ። በከተማችን የተቋቋመ አንድ መርማሪ ኮሚቴ የባለሥልጣኖችን ስም መልቀም ሲጀምር ዳይሬክተሩ ላይ ቂም ያለው ሁሉ ስሙን አቀረበ፤ ስለ ደብዳቤውም አንዱ ጠቆመ። የደብዳቤው ቅጂ በመዝገብ ቤት ተፈልጎ አልተገኘም። ከደሴ የመጣው መልስ ግን ነበር። እንግሊዝኛውን የሚያስረዳ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ተጠራሁ። ዳይሬክተሩ ግድግዳው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወጣት ነበር፤ ትሕትና ያለው። ነገሩን በዝርዝር አስረዳሁት፤ ሀርድ ምን እንደሆነ፣ ሀርድሊ ምን እንደሆነ። በጥሞና ሰማኝና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ገብቶኛል መምህር። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቃሉን የለወጠው ተሳስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ?»

«ልዩነት ያመጣል?»

«ተሳስቶ ከሆነ ይወቀሳል፤ ሥራው ላይ ይቆያል። ሆን ብሎ ከሆነ ረሃቡን ከደበቁት ጋር ይቆጠራል። በጽሑፍ ስጠኝ።»

ሁለት ተውሳኮች ፊቴ ተቀመጡልኝ። የትኛዋ እውነት እንደሆነች አውቅ ነበር። «አረመኔዎች ናቸው» ብሎ የጮኸ ሰው ያቺን ቃል አውቆ ሊያስገባት አይችልም፤ ከእኔ የተሻለ ምስክር አልነበረውም። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብሁና ጻፍሁ፤ ‹ረሃቡ እንዳይታወቅ ሆን ብሎ ለወጠው›። ፈረምሁበት። ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው ዳይሬክተሩ ከአግዳሚው ሳይነሣ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ‹ሆን ብሎ› ግሥ ነው ተውሳክ?»

«እዚህ ቦታ ላይ ተውሳክ ነው ጌታዬ።»

«ተውሳክ ከሆነ ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል።»

«ይቆማል። ግን የተፈረመበት ወረቀት አይታረምም።»

አንድ የጥበቃ ሰው ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው አላውቅም። ዳይሬክተሩን ወሰዱት።

በዚያ ዘመን ከእስር ቤት ሳይመለስ የቀረ ብዙ ነው፤ እሱ ተመለሰ። የታሰረው ግን ለዓመታት ነው፤ ሲወጣ ጥርሱ አልቆ ነበር አሉ፤ ወደ ማስተማርም አልመለሱትም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የገበሬ ማመልከቻ ይጽፍ እንደነበር የሀገሬን ሰው ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅሁ አረጋግጥ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጸጸት በላህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር እውነቱን እነግረዋለሁ። አልበላኝም። ስለ ተውሳከ ግሥ የማስተምርበት ሳምንት በደረሰ ቁጥር፣ አሁን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ የማንን አቤቱታ እያረመ ይሆን እያልሁ በልቤ እስቅ ነበር። ያ ሳምንት ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ነበር።

ጡረታ ወጥቼ ደሴ ከተቀመጥሁ ወዲህ መሞቱን ሰማሁ። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ልቀብረው አልሄድሁም፤ ሲቀበር ለማየት ነው የሄድሁት።

በድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ብዙም ሳይቆይ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ልጁ ነበረች፤ ሲታሰር ገና ጡት ያልጣለች፣ አሁን እሷም መምህርት የሆነች።

«ያኔ አብረውት ያስተምሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት አይደል? አባባ ብዙ ጊዜ ያነሣዎት ነበር።»

«ምን እያለ?»

«‹በዚህ ከተማ ሰዋስው የገባው አንድ ሰው ነበር› ይል ነበር።»

ማመስገኑ ይሁን መሳደቡ ዛሬም አልለየሁትም። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍላት ለመነችኝ፤ እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የተማርሁት እኔ ነኝና እንቢ ብል ያስገርም ነበር። ማስታወሻዋን ሰጠችኝ። የትውልድ ቦታውን፣ የተማረበትን፣ ያስተማረበትን ዘመን በሥርዓቱ አስቀመጥሁ። ሲታሰር ደረስሁ። በማስታወሻዋ ላይ «ያለ አግባብ ታሰረ» ብላ ነበር። እኔ «ታሰረ» ብዬ ነጥብ አደረግሁ።

ወስዳ አነበበችውና ተመለሰች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ቃል የዘለሉ መሰለኝ።»

«የትኛውን?»

«‹ያለ አግባብ› የሚለውን። የሀገሩ ሰው ሁሉ ረሃብ ደብቆ ነው እያለ ነው አባባ የኖረው። ዛሬ በአደባባይ ካልተባለለት መቼ ይባልለታል?»

«ልጄ፣ ‹ታሰረ› ይበቃል። ግሥ ብቻውን ሲቆም ክብር አለው።»

ለተማሪዎቼ የምነግረውን ነበር የነገርኋት። ግን ውሸት ነበር፤ ያ ግሥ ብቻውን ሲቆም አንባቢን ያሳስታል፤ ያለ እሷ ሰሚው ሁሉ የሚሳሳትባት ተውሳክ ብትኖር ያቺ ነበረች። መምህርት ናትና ሳይገባት አልቀረም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የዚያ ደብዳቤ ረቂቅ ሳጥኑ ውስጥ አለ። በእርስዎ እጅ የተጻፈው። ‹እሱ የመጣ እንደሆነ አሳዪው› ብሎኛል። ላምጣው?»

እዚህ ላይ ነው ትዝታዬን እንደ ተከሳሽ ያቆምሁት። ያ «ኤል ዋይ የታለች» ያለኝ ስለ ደብዳቤው ነበር ወይስ ሌላ ቀን፣ የተማሪ ደብተር ሳርም አይቶኝ? ሳቁ ያው ነው፤ በቅሎዋም ያቺው ናት፤ ቀኑን ግን ልምልበት አልችልም። ደግሞስ የሀርድን ነገር አስቀድሜ የማውቅ ከነበረ መልሱ የመጣ ዕለት መዝገበ ቃላት ምን አስፈለገኝ? የሚያውቀውን ቃል ፍቺ ሦስት ጊዜ የሚያነብ ማን ነው? ከቆላ ደብር የመጣሁ፣ ከክፉ ክፉኛን ሳወጣ ያደግሁ ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ያቺን ጅራት በገዛ እጄ አንጠልጥያት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ቤቱ ደግሞ ከድንኳኑ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

«አይ ልጄ፣» አልኋት፤ «ጊዜ የለንም። አስከሬኑ ሊወጣ ነው።»

ጊዜ ነበረን። ካህናቱ ገና አልመጡም ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሕይወት ታሪኩን ራሷ አነበበችው። በሀገራችን ወግ እንዲህ ያለ ቦታ ታላቅ ሰው የሰጠውን ጽሑፍ ማንም አይለውጥም፤ እሷም አልለወጠችም። «ታሰረ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከወረቀቱ ቀና ብላ በሰዉ መካከል ፈለገችኝና አገኘችኝ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤታቸው «በረሃቡ ነገር ነው» ብለው ሲያንሾካሽኩ ሰማሁ፤ ጎረቤታቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ጠበቀችኝ። እኔ ዓይኔን አልሰበርሁም፤ አፌንም አልከፈትሁም። ከዚያ በኋላ ቀጥላ አነበበች፤ «ሲፈታም ልጆቹን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ አበቃ።»

አፈሩ ሲመለስ እስከ መጨረሻው አካፋ ድረስ ቆሜ አየሁ። ከቀብር ስንመለስ ንፍሮ በሰፌድ ይዞር ነበር። እሷ ራሷ ይዛ መጣች፤ ፊቴ ቆማ «ይዝገኑ» አለችኝ፤ ከዘገንሁም በኋላ አልሄደችም። ስንዴውና ባቄላው ገና ትኩስ ነበር። አንድ ነገር እንድናገር ትጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። ንፍሮዬን አኝኬ ጨረስሁ፤ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አልኋትና ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ተነሣሁ።